ጥቢ በሸማኔዎቹ ቤት

ጉለሌ፣ መስከረም 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

እታለም ሰናይት፣

እንዴት ነሽ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው። እማዬም ወገቧን ተሽሏት ፈትሏን ይዛ ደጅ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ጀምራለች። ደብዳቤሽን ጋሽ ስብሐት አደረሰልን። ያን የሚያክል የጭነት መኪና መንገድ ላይ አቁሞ "የአሰቧ ነርስ ደብዳቤ!" እያለ ሲጮህ ጎረቤቱ በሙሉ ወጣ። እኔ ጓዳ ገባሁ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስንፍና አይደለም፤ የጠየቅሽኝን ነገር እያሰብኩበት ነበር።

አዎ፣ ጥቢ ገብቷል። እንዴት እንደገባ ንገሪኝ ላልሽው ግን ሲገባ አላየሁትም። ክረምት ሲመጣ በነጎድጓድ ነው፤ አገር ይሰማዋል። ጥቢ በጓሮ በር ነው የሚገባው፣ ልክ እንደ እኔ። አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ የቆርቆሮው ጣሪያ ዝም ብሏል። ወጥቼ ሳይ እንጦጦ ጉሙን አውልቆ ቁጭ ብሏል፤ ከበራችን ሆነሽ ዛፎቹን መለየት ትችያለሽ። አደይ አበባ ከወንዙ ዳር አልፎ የቀበሌው ግድግዳ ላይ ከተጻፈው መፈክር ሥር ሳይቀር በቅሏል። እማዬ ክረምቱን የሻገተውን ፍራሽ አውጥታ በዱላ ትደበድበዋለች። እሸት ባቄላ የሚሸጡት ሴቶችም መጥተዋል።

ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ጭቃ ደርቋል። የደረቀው ግን ክረምቱን ሙሉ የረገጥነውን እንደያዘ ነው። የአህያ ኮቴ አለ፣ የአባባ በረባሶ አለ፣ የልጆች ባዶ እግር አለ። የራሴን ፈልጌ አገኘሁት። ሁሉም ከአጥሩ ሥር ነው፤ መሃል መንገድ ላይ አንድም የለም። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ።

እውነቱን ልንገርሽ? ሰው ሁሉ ጥቢ ገባ ብሎ ደስ ሲለው እኔ ትንሽ እፈራለሁ። ክረምት ለእኔ ዓይነት ሰው ይመቻል። ጣሪያው ሲጮህ ማንም ማንንም ስለማይሰማ "አንቺ ልጅ ለምን አትናገሪም?" የሚል የለም። ነጠላ ተከናንበሽ ብትሮጪ ዝናብ ሸሽታ ነው ይላሉ። ጥቢ ሲሆን ግን ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል፤ ብርሃኑም ጥሩ ስለሆነ መደበቂያ የለም።

"አንቺስ ምን አዲስ ነገር አለ?" ያልሽውን ሁለተኛውን ጥያቄሽን ዛሬ አልመልስም። ክፉ ነገር አይደለም፣ አትጨነቂ። ብቻ ዛሬ አልመልስም።

እህትሽ አፀደ


አሰብ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1973

አንቺ አፀደ፣

አባባንና እማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሰላምታ እዚህ ላይ አበቃ፤ አሁን ጠብ ነው።

"አልመልስም" ያልሽውን ጋሽ ስብሐት መለሰው። ዓሣ ጋብዤው ገና ግማሹን ሳይበላ ሁሉንም ተናገረ። ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አድርጎ መርጦሻል! ስድስተኛ ክፍል ጨርሰሽ በእማዬ ሕመም ምክንያት ቤት ከቀረሽ ጀምሮ ስለ ትምህርት አንድ ቀን ሳታነሺ፣ ማታ ማታ የኔን አሮጌ መጻሕፍት ስታገላብጪ እንደምታመሺ የማላውቅ መስሎሽ ነው? የማስተማሩን ዙር በደንብ የጨረሰ ልጅ ለማታ ትምህርት ቅድሚያ ያገኛል ተብሏል አሉ። ሰባተኛ ክፍል ትገቢያለሽ ማለት ነው። ይህ ከእኔ ይደበቃል?

አውቃለሁ። አንቺ ስም ሲጠራ "አቤት" ማለት አቅቶሽ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ሳምንት ሙሉ ቀሪ የተባልሽ ልጅ ነሽ። ቢሆንም ትችያለሽ። ሰው ፊት ስትቆሚ ዓይናቸውን አትዪ፤ ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ እያየሽ ጀምሪ። እኔ መርፌ መውጋት የጀመርኩት እንደዚያ ነው። (መርፌውን ግን ግድግዳው ላይ አልሰካሁም።)

እዚህ ሁለት ወቅት አለ፤ ሙቀትና የባሰ ሙቀት። ስለ ደረቀው ጭቃ የጻፍሽውን ለክሊኒኩ ልጆች አነበብኩላቸው። አንዷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። "እንዴ፣ ጭቃ ይናፍቃል እንዴ?" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

በይ ንገሪኝ፤ አባባ ምን አሉ?

ሰናይት


ጉለሌ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1973

እታለም፣

አትቆጪኝ። ያልነገርኩሽ የሚሳካልኝ ስላልመሰለኝ ነው። ሳይሳካ ቢቀር የማታውቂ እንድትሆኚ ፈልጌ ነበር።

አባባ ምንም አላሉም። ቀበሌው ወረቀቱን ሲያመጣ ተቀብለው ገልብጠው አዩት፣ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሥራ ሄዱ። ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ሲገለብጡት ማየቴን ግን እንዲያውቁ አልፈለግኩም።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ማታ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ጠመኔ ተሰጠኝ፣ ወንበሮቹ ተደረደሩ። እኔ እንዳልሽኝ ግድግዳውን እያየሁ ቆምኩ። ባልጠነቀቅም ይቻል ነበር፤ ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም ቀን አልመጣም። የተመደቡልኝ የአባባ ማኅበር ሸማኔዎች ናቸው። አሁን ደግሞ ጥቢ ነው። ክረምቱን ሙሉ ድሩ እርጥበት እየጠጣ፣ ደንበኛም እየጠፋ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ድሩ ደጅ ተወጥሮ፣ ትዕዛዙ በአንድ ጊዜ መጣ። ከንጋት ጀምረው ሲሠሩ ውለው ማታ ማን ፊደል ሊቆጥር ይመጣል? የቀበሌው ኃላፊ "እስከ ወሩ መጨረሻ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ክፍሉ ይዘጋል፤ ስምሽም ከአስተማሪዎቹ ይወጣል" አለኝ። ስሜ ከዚያ ከወጣ የማታ ትምህርቱም አብሮ ወጣ ማለት ነው።

ቤት ገብቼ እራት አቀረብኩ። አባባ እራት እየበሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ሸማኔ ከጉድጓዱ አይወጣም" አሉ። ሌላ ጉርሻ ጠቅልለው ደግሞ "ጉድጓዱ ድረስ የሚመጣ ካለ ግን ማን ይከለክለዋል" አሉ። "አባባ ምን አሉ?" ላልሽኝ መልሱ ይህ መሰለኝ።

በማግስቱ ሰሌዳውን ተሸክሜ የማኅበሩ ቤት ሄድኩ። ታውቂው የለ? ያ ረጅሙ የቆርቆሮ ቤት። ግራና ቀኝ ሸማኔዎቹ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ተቀምጠዋል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ መሸሻ በሩ ላይ አቆሙኝ።

"ሥራ ልታስቆሚ ነው የመጣሽው?"

"አይደለም" አልኩ።

"እ?"

"አይደለም።"

"እጃቸው እንዳይቆም። ጆሯቸውን ከፈለግሽ ውሰጂ፤ እሱ ሥራ ፈት ነው" አሉና አሳለፉኝ።

ሰሌዳውን በገመድ ሰቅዬ የመጀመሪያውን ፊደል ጻፍኩ። ስሙን ጠራሁ። ያ ሁሉ መወርወሪያ እየተወረወረ፣ ያ ሁሉ እንጨት ማጉን እየመታ፣ የእኔ ድምፅ ለራሴም አልተሰማኝም። የአባባ ጎረቤት ጋሽ ደቻሳ ዘወር ብለው "አንተ ተክለሃይማኖት፣ ልጅህ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ጸሎት ላይ ናት እንዴ?" አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አባባም ሳቁ። ከፈትል ጆንያዎቹ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ፤ ይህን ለእማዬ እንዳትጽፊላት።

ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ እኔም አላውቀውም።

አፀደ


ጉለሌ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1973

እታለም፣

ብርቱካኑን ጋሽ ስብሐት አድርሶልናል፤ እግዜር ይስጥልን። ከብርቱካኑ ጋር በላክሽው ደብዳቤ ከጠየቅሽኝ ውስጥ ለመጀመሪያው መልሴ፣ አዎ፣ እውነት እጮሃለሁ። ማንም አላጋነነም። ሁለተኛው ግን ውሸት ነው፤ ጋሽ ስብሐት መኪናው ውስጥ ሆኖ ሊሰማኝ አይችልም። ምናልባት ወርዶ ከሆነ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ከፍ አደረግኩት። በሦስተኛው ጋሽ ደቻሳ "አሁን የትንኝ ያህል ሰማሁ" አሉኝ። በዚያ ተናደድኩ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ከሆዴ አወጣሁት። ስገልጥ ሁሉም ቀና ብለዋል። ከዚያ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ መወርወሪያው ወደ ቀኝ ሲሄድ "ሀ"፣ ወደ ግራ ሲመለስ "ሁ" ማለት ጀመሩ። እግራቸው ይረግጣል፣ እጃቸው ይወረውራል፣ አፋቸው ይቆጥራል። የዕለቱ ፊደል ሲያልቅ እንደ ዘፈን ከላይ ይጀምሩታል። ከኋላ ያሉት ጎበዞች ያፋጥኑታል፤ አዛውንቶቹ "ቀስ በሉ፣ ማጌ ተበጠሰ!" ብለው ይቆጧቸዋል። ጋሽ መሸሻ በሩ ጋ ቆመው ሥራ የሚቆጣጠሩ ይመስላሉ። ከንፈራቸው ግን አብሮ ይንቀሳቀሳል። ያየሁ እንዳይመስላቸው ሁሌ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

አባባ ፊደሉን ከሌሎቹ ጋር ጮክ ብለው አይሉም። ማታ ግን እራት ላይ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንቀሳቅሱ አየኋቸው። "መ" እየጻፉ ነበር።

የቀበሌው ኃላፊ መጥቶ አየ። "ይህ ክፍል ነው ወይስ ሠርግ?" አለ። ሆኖም ሁሉንም መዘገበ፤ ክፍሉ አይዘጋም አለኝ። ከዚያ ወደ ቤት ስመጣ ነፋሱ ብርድ ነበረው፤ ሰማዩ ደግሞ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ጥቢ ምን ማለት እንደሆነ ደግመሽ ጠይቀሽኛል። ገና በደንብ አላገኘሁትም። ብቻ ዘንድሮ አልሸሸሁትም። በመንገዱ መሃል ነው የሄድኩት።

እታለም፣ እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ነገር ተበላሽቷል። ጋሽ ደቻሳ ከሸመኑት ነጠላ ጋር የተያያዘ ነው። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ያላቸው፣ ከማኅበሩ ትዕዛዝ ብዙውን የሚሰጡት እትዬ ዓሊማ ነገ ጠዋት ነጠላቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። ጋሽ መሸሻ ሰሌዳዬን አወረዱት። "ትምህርቱ ቆሟል" አሉ። አሁን ሌላ መጻፍ አልችልም፤ ጋሽ ስብሐት መኪናውን አስነስቷል።

አፀደ


አሰብ፣ ኅዳር 6 ቀን 1973

አፀደ፣

እንዲህ ይጻፋል? ነጠላው ምን ሆነ? ተቃጠለ? ተሰረቀ? ሰው ሞተ? እዚህ ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ሰው ሥራ እየሠራ አይደለም። ያቺ የጭቃዋ ልጅ በሽተኛ እያከመች እንኳ "ነጠላውስ?" ትለኛለች። በሽተኛው ራሱ መጠየቅ ጀምሯል።

አንድ ነገር ብቻ። ሰሌዳውን ሲያወርዱት ዝም ብለሽ ወደ ቤት ከሄድሽ አልቀየምሽም። ይህን እወቂ። ተቀየመችኝ ብለሽ እንዳትደብቂኝ። ጋሽ ስብሐትን መልስ ሳይዝ እንዳይመጣ ብዬዋለሁ።

ሰናይት


ጉለሌ፣ ኅዳር 14 ቀን 1973

እታለም ሰናይት፣

ለአንቺም፣ ለልጆቹም፣ ለበሽተኛውም ይቅርታ። ማንም አልሞተም። ይህን የምጽፍልሽ ከትናንት ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጥሎ፣ ጭሱ ገና ከነጠላችን ሳይወጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ደቻሳ ጣታቸው ስለደረቀ እርሳስ መያዝ አልቻሉም። ደብተሩን ሁሌ "ነገ" እያሉ ይመልሱልኛል። ማግ ግን ይይዛሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውታል። እና ማንም ሳያያቸው ያን ዕለት የተማሩትን ፊደል ጥለቱ ላይ መጣል ጀመሩ። እትዬ ዓሊማ ለአማቾቻቸው ስጦታ ባዘዙት ነጠላ ላይ! "ጻፍኩና ልፈታው ነበር" አሉ በኋላ። "ግን ሳየው አንጀቴ እምቢ አለ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ፊደል መጣ።" እንዲህ እንዲህ ሲሉ ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር ፊደል ሆነ፤ አንዳንዱ ቆሞ፣ አንዳንዱ በጎኑ ተኝቶ። ጋሽ መሸሻ ያዩት ሊተጣጠፍ ሲል ነው። ለመፍታትም ጊዜ አልነበረም።

በማግስቱ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ የሄድኩት ሰሌዳውን ወደ ቀበሌ ለመመለስ ነበር። ስገባ እትዬ ዓሊማ ነጠላውን ዘርግተው ወደ መስኮቱ አንስተው እያዩ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው? እኔ አበባ ነው ያዘዝኩት። ወላሂ፣ ይሄ ጉንዳን ነው የሚመስለው!"

ጋሽ መሸሻ ላብ በላብ ሆነዋል። "ስህተት ነው እትዬ ዓሊማ፣ ሌላ እንሠራለን፣ ማኅበሩ..."

"ሥራ ላይ ሕፃን አስገብታችሁ ስታስጨፍሩ ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ የዚህን ጥቢ ትዕዛዜን ሁሉ ሌላ ቦታ እወስዳለሁ። ማነው ይህን ያሳያቸው?"

ሁሉም እጃቸውን አቆሙ። ጋሽ ደቻሳ አንገታቸውን ደፉ። አባባ ከጉድጓዳቸው መነሳት ጀመሩ። በእኔ ፋንታ ሊናገሩ መሆኑ ገባኝ፤ "ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት" ሊሉ። አንቺ እዚህ በነበርሽ ጊዜ አንቺ ነበርሽ እንደዚያ የምትነሺው። አየሽ፣ በዚያ ቤት ውስጥ መናገር የተማርኩት ያ ሁሉ እንጨት እየተንጓጓ ነው። ዝም ባለ ቤት ውስጥ ተናግሬ አላውቅም። አፌን ከፍቼ፣

"እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው!"

እታለም፣ ጣሪያው ላይ የነበሩት እርግቦች በሙሉ ተነሱ። ደጅ ድር ሲወጥሩ የነበሩት ልጆች ሮጠው ገቡ። እትዬ ዓሊማ ነጠላውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላ ሄዱ።

"ምን ያስጮህሻል ልጄ? አልደነቆርኩም እኮ!"

"ይቅርታ እትዬ! ሥራው ያልቆመ መስሎኝ ነው!" አልኩ፤ አሁንም እየጮህኩ።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ደቻሳ ናቸው። ከዚያ ቤቱ ፈረሰ። እትዬ ዓሊማ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ አልቻሉም። ሳቁ ሲያልቅ ነጠላውን ወደ እኔ ዘረጉት።

"እስቲ፣ ጉንዳኑ ምን ይላል?"

አነበብኩላቸው። በጣታቸው እያስከተሉ "ይሄስ? ይሄስ?" እያሉ ከዳር እስከ ዳር ሄድን። እኔ ከመናገሬ በፊት ሸማኔዎቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ጋሽ መሸሻም መለሱ፤ ከመለሱ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ግን ሁላችንም ሰማን። እትዬ ዓሊማ ድንገት ቆም አሉ።

"የኔ ስም የቱ ጋ ነው?"

"ገና አልደረስንበትም እትዬ።"

"እና ይህ ሁሉ ሰው ተምሮ እኔ ልቅር?" ነጠላውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት። "መሸሻ፣ ይሄን ለራሴ ወስጄዋለሁ። ለአማቾቼ አበባ ያለው ይሠራልኝ። አንቺ ደግሞ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሪው?"

ሰሌዳው ተመልሶ ተሰቀለ። ጋሽ መሸሻ "ፊደል በሰሌዳ ላይ፣ ጥለት በነጠላ ላይ!" የሚል አዲስ ደንብ አወጡ። ለጋሽ ደቻሳ አባባ ከተራረፈ ድር ትንሽ ቁራጭ ወጥረው ሰጧቸው፤ ደብተራቸው እሱ ሆኗል። እትዬ ዓሊማ በየጠዋቱ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት መጥተው የፈትል ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ጊዜ ፊደል ዘልዬ ብሄድ "አታጭበርብሪን!" ብለው ይጮሃሉ። የቀበሌው ኃላፊ ለማታ ትምህርት ስሜን አስተላልፏል። በሚቀጥለው ዙር ሰባተኛ ክፍል እመዘገባለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት፤ አሁን ግን ተውኩት፣ እውነት ነው።

ጥቢ ምን ማለት ነው ብለሽ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ብርሃኑ እኔን ብቻ የሚያጋልጥ መስሎኝ ነበር የምፈራው። ዘንድሮ ወጥቼ ሳይ ለካ ክረምቱን ሁሉም ሰው የሚደብቀው ነገር ይዞ ነው ያሳለፈው። አባባ ወረቀት ሲገለብጡ፣ ጋሽ ደቻሳ የማይታዘዝ ጣታቸውን ኪሳቸው ሲከቱ፣ ጋሽ መሸሻ ሊቀመንበር ሆነው ፊርማ ሲባል በጣት ሲያትሙ፣ እትዬ ዓሊማ ያን ሁሉ ዕቃ በቃል ሲይዙ። ፀሐይ ወጣና ተያየን። ማንም በማንም አልሳቀም፤ የሳቅነው አብረን ነው። ለእኔ ጥቢ ይኼ ነው። ለጭቃዋ ልጅም እንዲሁ ብለሽ ንገሪያት።

እማዬ ደህና ናት። ቅሬታ ግን አላት። "ይቺ ልጅ ጨው አቀብይኝ ስትል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል" ትላለች። አባባም "ተያት፣ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት" አሉ፤ ገና ሳልገባ።

በይ ደህና ሁኚ፣ ይበቃኛል። እትዬ ዓሊማ በር ላይ ቆመው "አስተማሪዋ! አስተማሪዋ!" እያሉ ነው። "መጣሁ!" አልኳቸው። ከታች ሰፈር ሁለት ሰዎች "ወዴት?" ብለው መለሱልኝ።

እህትሽ አፀደ